ተማሪዋ ትግባ ወይስ ትውጣ

ካኒ ፎርክ፣ ኬንታኪ
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1995

የአጎቴ ልጅ የራስል የልጅ ልጅ ለሆንሽው ለታቢታ፤

ጌታ በቸርነቱ አንቺንም እናትሽንም በዚያ በኦሃዮ ጠፍጣፋ ምድር ጠብቆ እንዳቆያችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ሸለቆ ከእኔ የበለጠ ደህና የሆነ ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው።

ማን ጻፈለት ብለሽ ወደ ፊርማው አትሩጪ። እኔው ነኝ፣ ጋሼ ቨርሊን። በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። ዕድሜዬን ሙሉ «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ አንብብልኝ» ስል የኖርኩት ሰውዬ መነጽር ኖሮኝ እንደማያውቅ አንቺም ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ማንበብና መጻፍ እማራለሁ። አስተማሪያችን ሚስስ ሆልኮም «ቨርሊን፣ እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላኛለች። እንዴት ባለ ፊት እንዳለችው አትጠይቂኝ፤ ቃሉ ግን ይኸው ነው።

አሁን በመንገድ ዳር የተጻፈ ነገር ሁሉ አያመልጠኝም። ባለፈው እሑድ ኦፓል ብላንተንን በፒካፔ ወደ ቤቷ ስወስዳት «ቁም»፣ «ቀስ በል»፣ «ለዓሣ ማጥመጃ ትኩስ የምድር ትል ይሸጣል» እያልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኦፓል የክፍላችን ባልቴት ናት፤ ሁለተኛ የምትወጣው እሷ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ እኔም እኮ ይታየኛል!» ብላ ከድልድዩ ጋ ወርዳ በእግሯ ሄደች። ቅናት ነው።

እናትሽ ኔቫ በፋሲካ መጥታ ሐኪም ልትሆኚ እንደሆነ ነገረችኝ። በዘራችን ውስጥ ደም አይቶ ያልወደቀ አንተ ብቻ ነህ ትል ነበር እናቴ፤ እንግዲህ በእኔ ወጥተሻል። ጻፊልኝ። ስልክ ግን አትደውዪ። ስልክ መጻፍ ለማይችል ሰው ነው።

አጎትሽ
ቨርሊን ስተርጊል

—

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 30 ቀን 1995

ለተከበሩ ጋሼ ቨርሊን፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። እናቴ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ሳህን ለማጠብ ተነሳች። ደስ ብሏታል ማለት ነው።

ሐኪም ልሆን ነው የሚለው ወሬ ቸኩሏል። ገና ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው፤ ማመልከቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። መጀመሪያ ኮሌጁን መጨረስ አለ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚባል ትምህርት አለ፤ ከክፍላችን ሐኪም እንሆናለን ብለው የጀመሩት ልጆች ግማሾቹ እዚያ ላይ ሐሳባቸውን ለወጡ። በሚያዝያ ትልቁ መግቢያ ፈተና አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪም ሥራውን ሲሠራ ጥግ ላይ ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል። ምንም ሳይነኩ፣ ምንም ሳይናገሩ። በመጨረሻ ያ ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል።

የጎደለኝ ይኼ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ሐኪም ጥግ ላይ የቆመ ተማሪ አለው፤ ያውም የጓደኛው ልጅ ነው። የእኛ አማካሪ ሚስተር ፌልድማን «ሐኪም ተከትለሽ ካላየሽ ገንዘብሽን ለማመልከቻ ባታባክኚ ይሻላል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያው አጭር ነው።

ዶክተር ኤስቴፕ አሁንም ካኒ ፎርክ ክሊኒክ አለ? እርስዎና እሱ እንደ ወንድማማች ናችሁ ሲሉ ልጅ ሆኜ እሰማ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እዚያ ለመቆም ቢፈቅድልኝ በሌላ መንገድ የማላገኘው ነገር ነው። ይጠይቁልኛል?

በአክብሮት
ታቢታ

—

ካኒ ፎርክ
ኖቬምበር 14 ቀን 1995

ለታቢታ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ሸለቆ እስከዚያ ሜዳ ይድረስሽ፤ እግዚአብሔር ጉልበትሽንም ዓይንሽንም ይባርክልሽ።

ይኼንንም ጥያቄ ብለሽ ጻፍሽው? አለቀ በይው። ኤስቴፕና እኔ ዓሣ ለማጥመድ አብረን የወጣንበትን ጊዜ ብጽፍልሽ ወረቀት አይበቃም። ያለ እኔ ምክር መርፌ አይወጋም። እንዳገኘሁት እነግረዋለሁ፤ «መቼ ትመጣለች?» ከማለት ሌላ አፍ የለውም።

አንድ ነገር ግን በምላሹ እፈልጋለሁ። ከዚያ ከሕክምና መጽሐፍሽ ረጃጅም ቃላት ላኪልኝ። ኦፓል ባለፈው ሳምንት «ሜትሮሎጂስት» የሚል ቃል ይዛ መጥታ ክፍሉን ሁሉ አሸበረች። ሚስስ ሆልኮም አጨበጨበችላት። ይኼ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የሚከብድ ቃል ላኪልኝ።

አጎትሽ ቨርሊን
የክፍሉ አንደኛ

—

ኮሎምበስ
ጃንዋሪ 22 ቀን 1996

ለጋሼ ቨርሊን፤

እንደምን ከረሙ። አዲሱ ዓመት የሰላምና የጤና ይሁንልዎት። በገና ልመጣ አስቤ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃ የማጠብ ሥራ ስላገኘሁ ቀረሁ። የላክኋቸው ቃላት እንደደረሱ ተስፋ አደርጋለሁ። «ስተርኖክላይዶማስቶይድ» አንገት ላይ ያለ ጡንቻ ነው። ኦፓልን ቢያምም ባያምም ይጠቀሙበት።

ስለ ዶክተር ኤስቴፕ ምንም አልጻፉልኝም። ሚስተር ፌልድማን እንደገና ጠየቀኝ፤ «ጉዳዩ በዘመድ በኩል ተይዟል» አልኩት። «ዘመድሽ ሐኪም ነው?» አለኝ። «አይደለም፣ የሐኪም ጓደኛ ነው» አልኩ። እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ መልሶ ከተተው።

ስልክ አትደውዪ ብለው ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ተነሳ። ከዚያ ማንም ሳይናገር ተዘጋ። መስመሩ ይሆናል።

አልጠየቁት እንደሆነም ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። ሌላ ቦታ መፈለግ ስላለብኝ ብቻ ነው።

በአክብሮት
ታቢታ

—

ካኒ ፎርክ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1996

ለታቢታ፤

ምሕረቱ የማያልቅበት ጌታ ከዚህ ብርድ ይሰውርሽ። መስመሩ ነው። እዚህ ስልክ ሲነፍስበት ይዘጋል።

ኤስቴፕን አገኘሁት። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርሽ፤ ሲሆን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ክሊኒኩ ውስጥ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ኋላ ዋንዳ የምትባል ነርስ አለች፤ የእነ ሃርሊ ልጅ ናት፣ አገጯን ታውቂዋለሽ። «ዶክተሩን ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ታካሚ ነዎት?»

«ጓደኛው ነኝ።»

«ጓደኞቹን ማታ ቤቱ ነው የሚያገኛቸው።»

«ቤቱ የት ነው?» ስላት ምን እንዳለች መገመት አያቅትሽም። ከኋላዬ የተቀመጠ ሁሉ ሳቀ። እሺ፣ እንግዲህ ከዓሣው ጉዳይ ጥቂቱን ቀንሺ። አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ቆመን ነበር፤ እሱ ያዘ፣ እኔ አልያዝኩም፣ «ግሩም ነው» አልኩት። ወዳጅነት ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ዋንዳ ታካሚ ካልሆኑ አያልፉም አለች። ስለዚህ ታካሚ ሆንኩ! ስሜን ራሴ ጻፍኩ ደግሞ፣ በዋንዳ ፊት። ገባሁ። ኤስቴፕ አርጅቷል፤ እኔን አይቶ ግን አልተደነቀም። የአንቺን ነገር አንድ በአንድ አስረዳሁት። እሱ ሆዬ ያዳምጠኛል ስል፣ ለካስ የሚያዳምጠው ንግግሬን አይደለም። ያንን ቀዝቃዛ ማዳመጫ ጀርባዬ ላይ ለጥፎ የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል።

«ከሰል ማዕድን ውስጥ ስንት ዘመን ሠራህ?» አለኝ።

«እኔ የመጣሁት ለልጅቷ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ሳልህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት።»

«ቨርሊን፣» አለኝ፣ «ልጅቷን በጁን እቀበላታለሁ። አንተንም እስከተቀበልኩ ድረስ ነው። ራጅ ትነሳለህ፣ ትንፋሽህ ይለካል፣ ቀጠሮ ባልኩህ ቀን ትመጣለህ። አንዱን ከቀረህ እሷም ትቀራለች።»

ሰውየው ጤነኛ ሳንባ አይቶ ስለማያውቅ የእኔን ለማየት ጓጉቶ ነው። እሺ አልኩት። ወንድሜ ጄሲ በዚያ በር በእግሩ ገብቶ የቆፋሪዎችን የሳንባ በሽታ ስም ይዞ እንደወጣ ታስታውሻለሽ? ከዚያ ወዲህ «ጄሲ እንዴት ነው?» የሚል ሰው ስለ ጄሲ አልነበረም የሚጠይቀው። እኛ እዚህ ያ ስም ካልተነገረን አልታመምንም። ነገሩ እንዲያ ነው። ለማንኛውም በጁን ነይ።

ኦፓል በአንገቷ ጡንቻ ተሸንፋለች። ሌላ ላኪ።

ቨርሊን

—

ኮሎምበስ
ኤፕሪል 29 ቀን 1996

ለጋሼ ቨርሊን፤

ጤናና ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለዶክተር ኤስቴፕም ጽፌ ምስጋናዬን ገልጫለሁ። መልሱ በጀርባው የመድኃኒት ማስታወቂያ ባለበት ወረቀት ላይ መጣ፤ «ምቹ ጫማ ይዘሽ ነይ» ይላል። ሌላ ነገር የለውም።

ፈተናውን ተፈተንኩ። ከጧት እስከ ምሽት ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ በምሳ ሰዓት ወጥቶ አልተመለሰም፤ እርሳሶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። እኔ እስከ መጨረሻው ነበርኩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ራጁን ተነሱ?

ታቢታ

—

ካኒ ፎርክ
ሜይ 20 ቀን 1996

ለታቢታ፤

በረከት ይብዛልሽ። የኋላው ክፍል ተጠርጓል፤ አልጋው ላይ የነበረውን የመኪና ሞተር አውጥቻለሁ።

ራጁን ተነሳሁ። መልከ መልካም ነው። ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ትበያለሽ አይደል? ሌላ ማብሰል አልችልም።

ቨርሊን

—

ኮሎምበስ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1996

ለተከበሩ ጋሼ ቨርሊን፤

ክረምቱን በቤትዎ ስላኖሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ክብደት ጨምረሽ መጣሽ ብላለች፤ ቦሎቄውን አመስግኜዋለሁ።

ፊት ለፊት ልንገርዎት አስቤ የተውኩትን ልጻፍ። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ስለ ሁሉም ነገር አውርተናል፤ ስለ ኦፓል፣ ስለ ጎረቤቱ ፍየል፣ ስለ ሚስስ ሆልኮም አዲስ ፀጉር። ስለ አንድ ነገር ብቻ አላወራንም።

ዋንዳ ታካሚ ባስገባች ቁጥር የምትጠይቀውን ያውቃሉ፦ «ከዶክተሩ ጋር ተማሪ አለች። ትግባ ወይስ ትውጣ?» ይህ መብታቸው ነው። ክረምቱን ሙሉ የመጣ ሰው «ትግባ፣ የራስል የልጅ ልጅ አይደለችም እንዴ!» አለ። አንዱ ሽማግሌ እግሩ ላይ የወጣውን እባጭ እንድነካው ሁሉ ለመነኝ፤ አይፈቀድልኝም ስለው ተከፋ። አንዲት ሴት ስለ ባሏ ስታለቅስ እጄን ይዛ ነበር።

ውጪ ያለኝ አንድ ሰው ነው። እርስዎ። በመጡ ቁጥር።

ኮሪደር ላይ ሚዛኑ አጠገብ እቆም ነበር። መጀመሪያ የእርስዎ ቀልድ ይሰማል፣ ከዚያ የዶክተሩ ሳቅ፣ ከዚያ ዋንዳ «ንፉ! ንፉ! አሁንም! አሁንም!» ትላለች። ከዚያ ሳልዎ። ሲወጡ ባርኔጣዎን አስተካክለው «ሰውዬው ስለ ዓሣ ምክር ፈልጎ ነው» ይሉኛል። ዶክተር ኤስቴፕን አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀውም አይነግረኝም፤ የነገረኝም ቢሆን ኖሮ ከእሱ መማሬን እተው ነበር።

ስልክ ለምን እንደማይወዱ ገብቶኛል። ሳልዎ በስልክ ይሰማል።

ዶክተሩ ደብዳቤውን ጽፎልኛል። አሁን የቀረኝ ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ የምጽፈው ገጽ ነው። ሚስተር ፌልድማን የጻፍኩትን አንብቦ «ንጹሕ ነው፣ ግን ሕይወት የለውም። ቤተሰብሽ ውስጥ የታመመ ሰው የለም?» አለኝ። እዚህ ሁሉም ስለታመመ ዘመዱ ነው የሚጽፈው። «አላውቅም፣ ወጥቼ ነበር» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

ታቢታ

—

ካኒ ፎርክ
ኦክቶበር 7 ቀን 1996

ለታቢታ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ስለገባኝ፣ ሌሎቹ እንዳልገባኝ ለማስመሰል።

እንግዲህ ስሚ። ዋንዳ ቱቦ ትሰጥሻለች። ከቱቦው ጫፍ መርፌ ያለበት ሣጥን አለ፤ ስትነፊ መርፌው ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን ዋንዳን «ጣሪያውን ያዢ፣ ልገነጥለው ነው» አልኳት። ነፋሁ። መርፌው ትንሽ አየኝና ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ በዚህ ሸለቆ ሁለት ሰው የማያነሳውን የባቡር እንጨት ብቻዬን ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ አያትሽ ቢኖር ይመሰክር ነበር። ዋንዳ ስትጮህ፣ እኔ ስነፋ፣ ያ መርፌ ሲያላግጥብኝ እንድታዪ አልፈለግኩም። አንቺ ከማዶ ቆመሽ በዚያ በተማሪ ፊት፣ አዝነሽ አይደለም፣ ተጠንቅቀሽ ብታዪኝ፣ ያ ሰውዬ አልሆንም። ቀላል ነው። የበሽታውንም ስም ኤስቴፕ ነግሮኛል። ጄሲን ያለውን ነው ያለኝ። አሁን አንቺም ሰማሽ፤ እንግዲህ አሁን ታምሜአለሁ።

ለዚያ ገጽ የታመመ ዘመድ ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ። ጻፊኝ። መልከ መልካም እንደሆንኩ ግን ሳትጠቅሺ እንዳታልፊ። የኦፓልን ስም አታንሺ፤ በአቋራጭ ታዋቂ ትሆናለች።

ቨርሊን

—

ኮሎምበስ
ዲሴምበር 15 ቀን 1996

ለጋሼ ቨርሊን፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልሴ የዘገየው ማመልከቻው እጄን ይዞኝ ነው፤ ይህንንም ያልኩት ለማለት ያህል ነው እንጂ፣ ምን እንደምጽፍልዎ ስለጠፋኝም ነው።

በዚያ ገጽ ላይ እርስዎን አልጻፍኩዎትም። ስለ ደረትዎ መጻፍ አልችልም፣ አላየሁትም። ስለ ኮሪደሩ ጻፍኩ። ሰው ሊያሳየኝ ያልፈለገውን ከበር ውጭ ሆኜ ስጠብቅ ምን እንደሚመስል። ሚስተር ፌልድማን «ይኼ አደገኛ ነው፤ ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ ስላልገባችበት ክፍል ትጽፋለች?» አለ። ሁለት ጊዜ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍቶ ከዘጋ በኋላ «ላኪው» አለኝ።

አንድ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ፤ እዚያው ኬንታኪ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች ናቸው የጠየቁኝ። ሰውየው ወረቀቴን ይዞ «ኮሪደር ላይ ቆመሽ ምን ተማርሽ?» አለኝ። «ሚዛኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ» አልኩት። ሴትየዋ ሳቀች፣ ሰውየው አልሳቀም። «ከዚያስ?» አለ። «ሰውየው ሲወጣ ቀና ብዬ ማየት» አልኩት። እሱን ጻፈው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች አልጠሩኝም።

የወሩን ቀጠሮ እንዳልዘለሉ ተስፋ አለኝ።

ታቢታ

—

ኮሎምበስ
ማርች 17 ቀን 1997

ለተከበሩ ጋሼ ቨርሊን፤

እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀብለውኛል። ከነሐሴ ጀምሮ የሕክምና ተማሪ ነኝ። እናቴ ስልኩን አንስታ ለመላው ኦሃዮ ደውላለች፤ ለእርስዎ ግን በደብዳቤ ይሁን ብላ ተወችልኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዶክተር ኤስቴፕ ጋር የገባችሁት ስምምነት ስለ እኔ ነበር። እኔ ገብቻለሁ። ከእንግዲህ አንድ ቀጠሮ ቢቀሩ እኔን የሚጎድለኝ ነገር የለም። ይህን የምጽፍልዎ እንዲቀሩ ፈልጌ አይደለም፤ በእኔ ስም ተይዘው መቆየትዎን ስላልፈለግኩ ነው። ዕዳ የለብዎትም። ከዚህ በላይ ለመናገር ሐኪም አይደለሁም፤ ገና ምንም አይደለሁም።

በታላቅ አክብሮት
ታቢታ

—

ካኒ ፎርክ
ጁን 24 ቀን 1997

ለታቢታ፣ ለዘራችን የመጀመሪያዋ፤

ለዚህ ያደረሰሽ ጌታ ስሙ ይክበር። ዝም ያልኩት ስለተቀየምኩ አይደለም። ነፃ ስትለቂኝ ነፃነቱን እሞክረው ብዬ ነው።

ሚስስ ሆልኮም ክፍል ውስጥ ተቀብለውኛል የሚለውን ደብዳቤሽን ለሁሉም አነበብኩት። ኦፓል አለቀሰች፤ ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩና ቁጭ አልኩ። የኤፕሪሉ ቀጠሮ አለፈ። የሜዩም አለፈ። ዋንዳ ደውላ እንድትቆጣኝና እንድመልስላት አሪፍ አሪፍ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አልደወለችም። ኤስቴፕም በመንገድ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶልኝ አለፈ። ሰውን እንዲህ ማቃለል ምን ይባላል? የሚለምነኝ ሰው ካጣሁ እምቢታዬን ለማን ላሰማው?

ትናንት ጧት ራሴ ሄድኩ። ለማንም አይደለም። ደረጃውን ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ ማስታወቂያውን እያነበብኩ ነው ቢባል የሚያምነኝ አለ፣ ማንበብ እችላለሁና። ስሜን ጻፍኩ። ዋንዳ ቱቦውን ሰጠችኝ፣ ጮኸች፣ ነፋሁ። መርፌው አላፈረም። ኤስቴፕ የሚተነፈስ መድኃኒት ሰጠኝ፤ እንዴት እንደሚወሰድ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ እኔው አነበብኩለት።

ዘንድሮ ክሊኒኩ ተማሪ የለውም። ስለዚህ ዋንዳ ትግባ ወይስ ትውጣ ብላ አልጠየቀችኝም። ጥጉ ባዶ ነበር። ብትጠይቀኝ መልስ ይዤ ነበር የሄድኩት።

አጎትሽ ቨርሊን